የጽዋው አንጓ

በካቶሊክ ቅዳሴ ከንዋየ ቅድሳቱ ሁሉ ዋናዎቹ ወይኑ የሚቀዳበት ጽዋና ኅብስቱ የሚቀመጥበት ጻሕል ናቸው። የመካከለኛው ዘመን ሊቃውንት ጽዋውን የጌታ መቃብር፣ ጻሕሉን ደግሞ መቃብሩ የተዘጋበት ድንጋይ ምሳሌ ነው ብለው ያስተምሩ ነበር። ይህን ብዙ ምእመን ሰምቶታል። አይቶ የሚያልፋት ግን ከጽዋው አፍና ከእግሩ መካከል፣ አንገቱ ላይ ያለችውን ድብልብል አንጓ ነው።

«ለጌጥ የተደረገች ናት» ይላሉ። አይደለችም! በላቲን ሥርዓት የሚቀድስ ቄስ ለብዙ ዘመናት ኅብስቱን ከባረከ በኋላ የአውራ ጣቱንና የአመልካች ጣቱን ጫፍ አጋጥሞ ይይዝ ነበር፤ በሁለቱም እጁ። ቅዱስ ሥጋውን የነኩ ጣቶች ስለሆኑ ደቃቅ ፍርፋሪ እንኳ እንዳይወድቅባቸው ነው። ቅዱስ ቁርባኑን ለመንካት ካልሆነ በቀር፣ በወይንና በውኃ ጽዋው ላይ እስኪታጠቡ ድረስ አይላቀቁም። ታዲያ ሁለት ጣቱ የታሰረ ሰው የተሞላ ጽዋ በምን ያነሣል? የተጋጠሙት ጣቶች ከወዲህ፣ ቀሪዎቹ ሦስቱ ከወዲያ ሆነው አንገቱን ከአንጓዋ ላይ ይይዙታል። አንጓዋ በአመልካችና በመሀል ጣት መካከል ትቀመጣለች፤ ጽዋው ወደ ታች አይንሸራተትም። ጥሩ አንጥረኛ በዚህች ቦታ ላይ እጅ የሚጎዳ ሹል ጌጥ አያበዛም።

አንጓዋ ከደንቡም ትቀድማለች። በኦስትሪያ ክሬምስሙንስተር ገዳም በሚገኘው፣ በ8ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በተሠራው የመስፍን ታሲሎ ጽዋ ላይ ጉልህ ሆና ትታያለች። የጣቶቹ ደንብ ግዴታነቱ የቀረው እ.ኤ.አ. በ1967 ነው። ከዚያ ወዲህ አንጓ የሌለው ጽዋ በዛ፤ እኔ ግን ጉድለት ነው እላለሁ። አንጓ የሌለውን ጽዋ እጁ የሚንቀጠቀጥ አረጋዊ ካህን ሲያነሣ ማየት ያስጨንቃል።

የታሲሎ ጽዋ ሌላም ነገር ያስተምራል። ወርቅ ይመስላል እንጂ ሥጋው መዳብ ነው። የቤተ ክርስቲያኒቱ ደንብ ጽዋው ከሚዝግ ወይም ከወርቅ ባነሰ ማዕድን ከተሠራ ቢያንስ ውስጡ በወርቅ እንዲለበጥ ያዛል፤ አብዛኛው ጽዋ ስለዚህ ከውስጥ ወርቅ፣ ከሥሩ ብር ወይም ናስ ነው። በድሮው አሠራር አንጥረኛው ወርቁን ከባዜቃ ጋር ለውሶ ይቀባውና በእሳት ያሞቀዋል፤ ባዜቃው ተንኖ ይሄዳል፣ ወርቁ ይቀራል። ጢሱ መርዝ ስለሆነ የብዙ አንጥረኞችን ጤና በልቷል። አሁን ሥራው በኤሌክትሪክ ነው። በየትኛውም መንገድ ይሠራ፣ ልባጡ እጅግ ስስ ነው።

ይህን የማያውቁ ሰዎች ናቸው ጽዋ የሚያበላሹት። በደቡብ፣ የላቲን ሥርዓት በሚከተል አንድ ቁምስና ዕቃ ቤት ውስጥ፣ ጽዋው ከውስጥ ነጣ ነጣ ብሎ አገኘሁት። ጠባቂው በየሳምንቱ በአመድ ይፈትገው ነበር፤ በቅን ልቡና፣ እንዲያበራ ብሎ። ወርቁ ተልጦ ብሩ ወጥቷል።

ሲወለውሉ አፉን ይዞ መጠምዘዝም ሌላ ጥፋት ነው። አፉ፣ አንጓውና እግሩ ብዙ ጊዜ ለየብቻ ተሠርተው በመሀል በሚያልፍ ብሎን የተያያዙ ናቸው፤ ሲጠመዘዝ ይላላል። እግሩ ላይ ያለችው ትንሽ መስቀልም ካህኑ የሚጠጣበትን ወገን ታመለክታለችና ብሎኑ ከላላ ምልክቷ ይዛባል።

ስለዚህ ዕቃ ቤት የምትጠብቁ ወንድሞችና እኅቶች፣ ካህኑ እንደ ሥርዓቱ ካጠራው በኋላ ለብ ያለ ውኃና ለስላሳ የተልባ እግር ጨርቅ ይበቃዋል። አመድና ሻካራ ነገር አታስነኩት። ልባጡ ከሳሳ ለአንጥረኛ ስጡት። አዲስ የምታሠሩ ደግሞ ገንዘቡን ከመክፈላችሁ በፊት ለሚቀድስበት ካህን ስጡትና ውኃ ሞልቶ፣ አንጓውን ይዞ ያንሣው።