ጊኒ ፒጋችሁ አትክልት አልበላም አለ? «ሲርበው ይበላል» አትበሉ!

«ጊኒ ፒግ አደረጉን እኮ!» ሲባል ያልሰማ የከተማ ልጅ ያለ አይመስለንም። አዲስ ነገር የተሞከረበት ሰው ሁሉ ሲማረር የሚያነሳው ስም ነው። እንስሳውን በዓይናችን ያየነው ግን ጥቂቶች ነን። ውጭ አገር ያሉ ወንድምና እህቶቻችን ቤት ነገሩ ሌላ ነው። ልጆች «ውሻ ካልገዛችሁልን» ብለው ሲያስቸግሩ፣ «በሉ እሱ ይቅርና ይኼ ይሻላችኋል» ተብሎ ቤት የሚገባው ይኸው ጭራ የሌለው፣ እግረ አጭር፣ ጩኸቱ ግን ከቁመቱ የሚበልጥ ፍጡር ነው።

ጣጣው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እናት ሰላጣ ታቀርባለች፣ ይሸሻል። ቃሪያ ትቆርጥለታለች፣ ረግጦት ያልፋል። ኪያር ያየ ዕለት ግን ቤቱን በጩኸት ያናጋዋል። ይሄኔ አባት ከሶፋው ላይ ሆኖ «ተይው ባክሽ፣ ሲርበው ይበላታል!» ይላል። እኛም ያደግነው በዚችው ምክር አይደል? ለጊኒ ፒግ ግን ይህች ምክር ገዳይ ናት።

ሆዱ ሥራ አይፈታም

ጤነኛ ውሻ አንድ ቀን ጦሙን ቢያድር ብዙም አይጎዳም። የጊኒ ፒግ ሆድ ዕቃ ግን የተሠራው ቀንም ሌትም ሣር እንዲያብላላ ነው። ከላይ የሚገባው ምግብ ከታች ያለውን እየገፋው ይሄዳል። መብላት ሲያቆም አንጀቱም ሥራ ያቆማል። ጋዝ ይሞላዋል፣ ያመዋል፤ ስለሚያመው ደግሞ ጭራሽ አይበላም። በዚህ ዓይነት አንድ ቀን ሙሉ ምንም ሳይቀምስ ከዋለና ካደረ ሊሞት ይችላል።

ስለዚህ ከእሱ ጋር እልህ መጋባት የለም። ድርቆሽና ንጹሕ ውኃ ሃያ አራት ሰዓት ከፊቱ መጥፋት የለባቸውም። ከሚበላው ውስጥ ትልቁን ድርሻ መያዝ ያለበትም ድርቆሹ ነው። ጥርሶቹ ዕድሜ ልካቸውን ስለሚያድጉ የሚሞርድለት ይኸው ድርቆሽ ነው።

«እንግዲያው ድርቆሹን እየበላ ይኑራ! አትክልቱ ምን ሊያደርግለት?» ትሉ ይሆናል። መልሱ ከዚያ ከ«ሙከራ እንስሳነቱ» ታሪክ ጋር የተያያዘ ነው።

ራት አልበላም ብሎ ኖቤል

በ1907 እ.ኤ.አ. ሆልስት እና ፍሮሊክ የሚባሉ ሁለት የኖርዌይ ተመራማሪዎች የመርከበኞችን በሽታ ሲያጠኑ ጊኒ ፒጎችን እህል ብቻ ያበሏቸው ጀመር። እንስሶቹን የያዛቸው በሽታ ስከርቪ ሆኖ ተገኘ። ድድ እያደማ፣ መገጣጠሚያ እያሳበጠ፣ ለዘመናት ስንቱን መርከበኛ ባሕር ላይ የፈጀው በሽታ ማለት ነው።

ምስጢሩ የተፈታው ቆየት ብሎ ነው። አብዛኞቹ አጥቢ እንስሳት ቫይታሚን ሲን እዚያው ሰውነታቸው ውስጥ ይሠሩታል። ሰውና ጊኒ ፒግ ግን አይችሉም። ከምግብ ካላገኙት የላቸውም፣ አለቀ!

ሀንጋሪያዊው ሳይንቲስት አልበርት ሴንት ጆርጂ እንደተረከው፣ አንድ ምሽት ባለቤቱ ለራት ትኩስ ቃሪያ ታቀርብለታለች። መብላት አላሰኘውም። እሷን ላለማስቀየም ሰበብ ሲፈልግ «ይህንን እኮ መርምሬው አላውቅም» ብሎ ቃሪያውን ይዞ ወደ ላቦራቶሪው ሄደ። እኩለ ሌሊት ሲሆን ቃሪያው በቫይታሚን ሲ የተሞላ መሆኑን አወቀ። በ1937 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። ምግብ መራጭነት እንዲህም የሚጠቅምበት ጊዜ አለ!

ዛሬም ለጊኒ ፒግ ከሚመረጡት አትክልቶች አንዱ ያው ቃሪያ ነው። የሚያቃጥለውን አላልንም፤ ሆደ ሰፊውን፣ ጣፋጩን ቀይ ቃሪያ ነው። 100 ግራሙ ውስጥ 120 ሚሊ ግራም አካባቢ ቫይታሚን ሲ አለው። ብርቱካን ግማሹንም አይደርስበትም። እንስሳው የሚሞትላቸው ካሮትና ኪያር ደግሞ ከቫይታሚን ሲ አንጻር ባዶ ለባዶ ናቸው ማለት ይቻላል። ጊኒ ፒግ ለአንድ ኪሎ ክብደቱ በቀን ከ10 እስከ 30 ሚሊ ግራም ያስፈልገዋል። እርጉዟና ግልገሉ ወደ ላይኛው መጠን ይጠጋሉ።

ታዲያ ለምን ይመርጣል?

ሞልቃቃ ስለሆነ አይደለም። ጊኒ ፒግ ሲወለድ ፀጉሩን ለብሶ፣ ዓይኑን ከፍቶ ነው የሚመጣው። በተወለደ በጥቂት ቀናት ውስጥ ምግብ መቆርጠም ይጀምራል። «ምግብ ማለት ይህ ነው» ብሎ የሚይዘውም ያኔ ነው። መሸጫው ቤት ውስጥ ደረቅ መኖ ብቻ ሲበላ ካደገ፣ ቀይ ቃሪያ ለእሱ የማያውቀው ባዕድ ነገር ነው። አንዳንዱ እንዲያውም የለመደው መኖ ቅርጹ ስለተቀየረ ብቻ አልበላም ይላል። ሲፈጥረው ፈሪ ነው፣ አዲስ ነገር ያስጨንቀዋል።

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል

መላው ትዕግሥት ነው። በአንድ ጊዜ አንድ አዲስ ዓይነት ብቻ፣ የጥፍር ያህል ቆርጣችሁ፣ ከሚወደው ምግብ አጠገብ አስቀምጡለት። ዛሬ ካልነካው ነገም፣ ከነገ ወዲያም አቅርቡ። አንድ ሁለት ሳምንት ሊወስድ ይችላል። ያልበላውን ከጥቂት ሰዓታት በኋላ አንሱት፣ እንዳይበሰብስ። ድንገት ብዙ ከሰጣችሁት ደግሞ ተቅማጥ ይይዘዋል።

አቆራረጡን ለዋውጡት። ድቡልቡሉን የናቀ፣ እንደ ክር ቀጭን ሆኖ ሲቆረጥለት ይጎትተው ይሆናል። ቅጠል ከሆነ ድርቆሹ ውስጥ ሸጉጡለት፤ እሱ ራሱ ፈልጎ ያገኘው ይመስለዋል። ወይም በእጃችሁ ይዛችሁ ጠብቁት። ወደ አፉ ግን በግድ አትክተቱ፤ ያቺን አትክልት ዳግመኛ አያምናትም።

ከሁሉም የሚበልጠው አስተማሪ ጓደኛው ነው። አትክልት የለመደ ሌላ ጊኒ ፒግ አጠገቡ ሲቆረጥም ሲያይ ፍርሃቱ ይለቀዋል። እንዲያውም ከጓደኛው አፍ ነጥቆ መሮጥ ይጀምራል! ብቻውን መኖር የማይሆንለት እንስሳ መሆኑን ስዊዘርላንድ በ2008 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ደንብ አንድ ጊኒ ፒግ ለብቻው እንዳይኖር ከልክላለች። ከለመደ በኋላማ የፍሪጅ በር ሲከፈትና ፌስታል ሲንኮሻኮሽ ጩኸቱን ያቀልጠዋል። የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ!

ቫይታሚኑን ውኃው ውስጥ ጠብ ማድረግን አንመክርም። ብርሃን ያበላሸዋል፤ ጣዕሙ ስለሚቀየርም ውኃውን ጭምር ሊተወው ይችላል። «ቫይታሚን አለው» ተብሎ የሚሸጠው መኖም ከተመረተ ሦስት ወር ካለፈው ጉልበቱ እየደከመ ይሄዳል።

ምን ይቅረብ፣ ምን ይቅር?

በቀን አንድ ብርጭቆ የሚሞላ የታጠበ ትኩስ አትክልት ለአንዱ ይበቃዋል። ቀይ ቃሪያ፣ ሰላጣ፣ የድንብላል ቅጠል ጥሩ ናቸው። ቆስጣና ፐርሰሜሎ ግን በየቀኑ ከሆኑ ለፊኛ ጠጠር ሊያጋልጡት ስለሚችሉ በሳምንት አንድ ሁለቴ ይበቃሉ። ፍራፍሬ ስኳር ስላለው ለቅምሻ ያህል ብቻ ነው። ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ድንች፣ አቮካዶ፣ ወተት፣ ዳቦ፣ እንጀራ ጨርሶ አይሞከሩም። «ትንሽ ጉርሻ ምን አለበት?» አትበሉ፤ ጉርሻው ለእሱ ፍቅር አይደለም።

ሐኪም የሚያስፈልገው መቼ ነው?

ትናንት ይወደው የነበረውን ዛሬ ከተወ ጉዳዩ የምርጫ ላይሆን ይችላል። ጥርሱ ረዝሞ አፉን እየወጋው ይሆናል። ፀጉሩ ከተንጨባረረ፣ መራመድ ካስጠላው፣ መገጣጠሚያው ካበጠ፣ ድዱ ከደማ ቫይታሚን ሲ አንሶት ሊሆን ይችላል። ለግማሽ ቀን ያህል ድርቆሽም ካልነካ ነገን ሳትጠብቁ ወደ እንስሳት ሐኪም ውሰዱት። ቤት ውስጥ የተረፈች አሞክሳሲሊን ካለች ደግሞ እጃችሁን ሰብስቡ! እኛን የምታድነው መድኃኒት የእሱን የሆድ ዕቃ ባክቴሪያ አዛብታ ትገድለዋለች።

በየሳምንቱ አንድ ቀን በወጥ ቤት ሚዛን መዝኑትና ቁጥሩን ጻፉ። ይህ ትንሽ እንስሳ ሕመሙን የሚደብቅ ነው፤ ሚዛኑ ግን አይደብቅም። ክብደቱ ካልወረደ፣ ድርቆሹንም ከበላ፣ ቃሪያዋን ዛሬ ቢረግጣትም አትጨነቁ። ነገ እንደገና አቅርቡለት።