ሁለቱን ሐይቆች በየቀለማቸው

ጀማሪን ሐይቅ ሣል ቢሉት እጁ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ሰማያዊው ቀለም ነው። አርባ ምንጭ ላይ ይህ ልማድ አያዋጣም። ከሴቻ ዳገት ጫፍ ቆሞ ወደ ምሥራቅ ለሚመለከት ሰው፣ ከደኑ ወዲያ በስተግራ አባያ፣ በስተቀኝ ጫሞ፣ በመካከላቸው የእግዜር ድልድይ የሚባለው ኮረብታማ መሬት ይታያል። አባያ ወደ ቀይ ያደላ ቡናማ ነው፤ ወንዞች ጠርገው ያመጡት ደቃቅ አፈር ሳይዘቅጥ ውሃው ውስጥ ይቆያልና። ጎረቤቱ ጫሞ እንደ ሰማዩና እንደ ሰዓቱ ግራጫ፣ አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ይመስላል። ያዩትን እንዳለ መሣል ለሚማር ሰው ከዚህ የተሻለ መለማመጃ ያለ አይመስለኝም። እዚህ የሚያስቸግረው እጅ ሳይሆን «ውሃማ አውቀዋለሁ» የሚል ጭንቅላት ነው።

ነባሩ የቤተ ክርስቲያን ሥዕላችን ሐሳቡ ሌላ ነበር። ጻድቁ ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይኑ ይሣላል፤ ክፉው በጎን፣ በአንድ ዓይን። ሠዓሊው ያስቀመጠው የሚታመነውን ስለሆነ፣ የጥላውን አቅጣጫ መጠየቅ ያለቦታው ነው። ቆሞ አይቶ መሣል በትምህርት ቤት ወግ የተያዘው ሠዓሊው አለ ፈለገ ሰላም ቺካጎ ተምረው ከተመለሱ በኋላ፣ በ1950 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱን ሲመሠርቱ ነው። ዛሬ በስማቸው የሚጠራው ይህ ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ነው። ቢሾፍቱ ላይ ደግሞ ሠዓሊው ለማ ጉያ በፍየል ቆዳ ላይ ሳይቀር የሰውን መልክ እንዳለ ሲሥሉ ኖረዋል።

አይቶ የመሣል ዘዴው ሲነገር ቀላል ነው። ዓይንን ጠበብ አድርጎ ማየት ነው፤ ያን ጊዜ ቅጠሉና ቅርንጫፉ ይጠፋና ጥቂት ጨለማና ብርሃን ቦታዎች ብቻ ይቀራሉ። መጀመሪያ እነሱን ማስቀመጥ። ከዚያ ርቀት ይመጣል። ቅርቡ ኮረብታ ቡናማና አረንጓዴው በግልጽ ይለያል፣ ቀጣዩ ወደ ሰማያዊ ያደላና ይደበዝዛል፣ የመጨረሻው ከሰማዩ ለመለየት ያስቸግራል። በመካከል ያለው አየር ብርሃኑን ስለሚበትነው ነው። የሩቁን ዛፍ በቅጠል በቅጠሉ የሣለ ሰው ተራራውን ጎትቶ አፍንጫው ሥር ያመጣዋል።

ሰዓትም አለ። ጠዋት ፀሐይ ከሐይቆቹ ማዶ ስለምትወጣ ውሃው ያብረቀርቃል፣ ኮረብታዎቹ ይጠቁራሉ። ቀትር ላይ ጥላው እግር ሥር ይገባል፤ ሁሉም ነገር ጠፍጣፋ ይሆናል። ከ9 ሰዓት በኋላ ብርሃኑ ከጀርባ ሲመጣ ነው የሁለቱ ሐይቆች ልዩነት ጎልቶ የሚወጣው። ታዲያ የጠዋቱን ውሃ ከከሰዓቱ ተራራ ጋር አንድ ሸራ ላይ የሚያጋቡ ብዙ ናቸው። እንግሊዛዊው ሠዓሊ ጆን ኮንስታብል እ.ኤ.አ. በ1821 እና በ1822 የደመና ጥናቶቹን ሲሠራ ከጀርባቸው ቀኑን፣ ሰዓቱንና ነፋሱን ይጽፍ ነበር። ጫሞ ዳር የተቀመጠ ተማሪም ቢያደርገው አይጎዳውም።

በጀልባ ወደ አዞ ገበያ፣ ማለትም አዞዎች ወደሚሰበሰቡበት የጫሞ ዳርቻ፣ የሚሄድ ግን የዘይት ቀለሙን ትቶ እርሳስና ወረቀት ብቻ ይያዝ። አዞ ሠዓሊ የሚመኘው ሞዴል ነው፤ ሙቀቱን ለማስወጣት አፉን ከፍቶ ሳይነቃነቅ ይተኛል። ከውሃ ገና ሲወጣ ጥቁር አንጸባራቂ ነው፣ ሲደርቅ አመድማ ይሆናል። የሆዱን ሥር ልብ ብሎ ያየ ይገረማል፤ ከሁሉ ይጨልማል የተባለው ቦታ ከአሸዋው በሚመለሰው ብርሃን ወደ ቢጫ ይሞቃል። ጉማሬ በበኩሉ ትዕግሥት ይፈትናል። ጆሮውን፣ ዓይኑንና አፍንጫውን ብቅ አድርጎ ወዲያው ይሰወራል፤ ስለዚህ ንድፉ በየተራ ይሰበሰባል፣ አንዴ ሲወጣ ጆሮው፣ ሌላ ጊዜ ሲወጣ አፍንጫው። ሌላ ጉማሬ በቦታው ብቅ ቢልም ለወረቀቱ ችግር የለውም።