የመድኃኒት ዕፀዋት በቤተ ሙከራ የሚፈተኑበት መንገድ

ዳማ ከሴ ለምች፣ ኮሶ ለኮሶ ትል፣ እንዶድ ለልብስ ማጠቢያ በኢትዮጵያ ሲያገለግሉ የኖሩ ዕፀዋት ናቸው። የትውልድ ልምድ ግን አንድ ዕፅ በምን መጠን እንደሚፈውስና በምን መጠን እንደሚጎዳ ለይቶ አያሳይም። ይህን ለመለየት ሁለት ፈተናዎች ጎን ለጎን ይካሄዳሉ። አንደኛው ዕፁ በተሕዋስያን ላይ ያለውን ኃይል፣ ሁለተኛው በሕያዋን ሕዋሳት ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት ይመረምራል።

ሀ. ዝግጅት

በመጀመሪያ የዕፁ ዝርያ በዕፀዋት ሊቅ ተለይቶ ይታወቃል። ቅጠሉ ወይም ሥሩ በጥላ ደርቆና ተፈጭቶ በውሃ ወይም በአልኮል ይዘፈዘፋል፤ ከዚያም ተጣርቶ ፈሳሹ ሲተን የሚቀረው ጭማቂ ይመዘናል። ውሃና አልኮል የሚያሟሟቸው ንጥረ ነገሮች የተለያዩ በመሆናቸው፣ ባለመድኃኒቱ በውሃ የሚያዘጋጀውን ዕፅ በአልኮል ብቻ ፈትኖ መፍረድ አይገባም።

ለ. የተሕዋስያን ፈተና

አጋር በረጋበት ሳህን ላይ ባክቴሪያ ተዘርቶ፣ በጭማቂው የተነከረ ትንሽ ክብ ወረቀት ይቀመጥበታል። ሳህኑ በ37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ24 ሰዓት ያህል ከቆየ በኋላ በወረቀቱ ዙሪያ ባክቴሪያ ያላደገበት ስፍራ በሚሊሜትር ይለካል። ለማነጻጸሪያም አንድ ወረቀት በታወቀ መድኃኒት፣ ሌላው በማሟሚያው ፈሳሽ ብቻ ይነከራል። ይህ የኋለኛው ከሌለ ባክቴሪያውን የገታው ዕፁ ይሁን አልኮሉ አይታወቅም። በአጋር ውስጥ በቀላሉ የማይሰርግ ንጥረ ነገር ኃይለኛ ሆኖ ሳለ ጠባብ ክብ ሊያሳይ ስለሚችል፣ ጭማቂው በየደረጃው እየቀጠነ ዕድገትን የሚገታው ዝቅተኛ መጠን ይፈለጋል።

ሐ. የሕዋሳት ፈተና

በቤተ ሙከራ በሚራቡ የሰው ወይም የእንስሳት ሕዋሳት ላይ ጭማቂው በልዩ ልዩ መጠን ተጨምሮ ግማሾቹን የሚገድለው መጠን ይሰላል። ለምሳሌ በአንድ ሚሊሊትር ተሕዋሱን 10 ማይክሮግራም፣ ሕዋሳቱን 1000 ማይክሮግራም የሚጎዳቸው ከሆነ የመቶ እጥፍ ልዩነት ስላለ ተስፋ ይሰጣል። ሕዋሳቱን የሚጎዳው 12 ማይክሮግራም ቢሆን ግን ጭማቂው ሁሉንም የሚገድል መርዝ ነው።

እንዶድ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ በዓድዋ ልብስ በእንዶድ ከሚታጠብበት ስፍራ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አገኙ። ግኝቱ ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፉ ቀንድ አውጣዎችን ለማጥፋት መንገድ ከፈተ። ይሁን እንጂ ገዳዩ ሳፖኒን ዓሣንም ይገድላል፤ ቀይ የደም ሕዋሳትንም ያፈርሳል።

በመሆኑም የሳይንስ መምህር ባህላዊ ሕክምናን ሳይንቅ፣ በሳህን ላይ የታየውንም ውጤት ፈውስ ነው ሳይል፣ ጥያቄውን በሁለት ከፍሎ ሊያስተምር ይገባዋል፤ ተሕዋሱን ይገታልን? ሕመምተኛውንስ ይምረዋልን? ሁለቱ ከተመለሱ በኋላም ቢሆን በእንስሳትና በሰው ላይ የሚደረገው ጥብቅ ምርመራ ገና ይቀራል።