አሌክስ፤ የተማሪን ዕውቀት የሚመረምር መሣሪያ

ኬሚስትሪ ለመማር ወደ ዩኒቨርሲቲ የገባ ተማሪ ስለ አሲድ ተጠይቆ መልሱ ቢጠፋው፣ መምህሩ አብዛኛውን ጊዜ ጉድለቱን በአሲዱ ትምህርት ውስጥ ይፈልገዋል እንጂ፣ ከጥቂት ዓመታት በፊት በሁለተኛ ደረጃ ተምሮት በረሳው በሎጋሪዝም ላይ ይሆናል ብሎ አይጠረጥርም። ነገር ግን የፈሳሽ የአሲድነት መለኪያ የሆነው ፒኤች የሚታወቀው በውስጡ ያለው የሃይድሮጅን አዮን መጠን በሎጋሪዝም ሲሰላ ስለ ሆነ፣ መጠኑ ዐሥር እጥፍ ሲጨምር ፒኤቹ በ1 ብቻ የሚቀንስበት ምክንያት ያልገባው ሰው፣ ስለ አሲድ ሌሊቱን ሙሉ ሲያነብ ቢያድር ትርፉ ድካም ነው። በአንድ አዳራሽ በመቶ የሚቈጠሩ ተማሪዎችን የሚያስተምር መምህር ደግሞ የእያንዳንዱን ጉድለት ለይቶ ለማወቅ ጊዜም ዐቅምም የለውም። በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ይህን ምርመራ በኢንተርኔት አማካይነት ለመፈጸም ከተለመዱት መሣሪያዎች አንዱ አሌክስ ይባላል።

የመሣሪያው መሠረተ ሐሳብ የመነጨው ከሒሳብ ሊቃውንት ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 ዓ.ም. ዣን ፖል ዷኞንና ዣን ክሎድ ፋልማኝ በአንድነት ባሳተሙት ጽሑፍ የደነገጉት ትምህርት፣ የሰውን ዕውቀት ከመቶ ይህን ያህል ብሎ በአንድ ቍጥር አይወስነውም፤ ተማሪው የሚችላቸውን ርእሶች ሁሉ በአንድነት ሰብስቦ እንደ ዕውቀቱ ይዞታ ይቈጥራቸዋል እንጂ። ዐሥር ርእሶች ቢኖሩና አንዱ ከሌላው ጋር ምንም ግንኙነት ባይኖረው፣ የተማሪው ይዞታ ከ1,024 ዓይነት አንዱ ሊሆን ይችላል፤ እያንዳንዱ ርእስ ከእርሱ በፊት ያለውን የግድ የሚሻ ቢሆን ግን ሊኖሩ የሚችሉት ይዞታዎች 11 ብቻ ናቸው። እውነተኛው ትምህርት በእነዚህ በሁለቱ ዳርቻዎች መካከል የሚገኝ ነው። ፋልማኝ በኢርቫይን በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ከባልደረቦቹ ጋር ሐሳቡን ወደ ኮምፒዩተር ፕሮግራም አዛወረው፤ እ.ኤ.አ. በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ማክግሮው ሂል የተባለው የመጻሕፍት አሳታሚ ድርጅት ገዝቶ የራሱ አደረገው።

ለዩኒቨርሲቲ የሒሳብ ምደባ የተዘጋጀው ምርመራ ቢበዛ 30 ጥያቄዎች አሉት፤ ጥያቄዎቹም ለሁሉ አንድ ዓይነት አይደሉም። መሣሪያው እያንዳንዱን መልስ በተቀበለ ጊዜ ስለ ተማሪው ይዞታ ያለውን ግምት ያድሳል፣ ቀጥሎም የቀረውን ጥርጣሬ ይበልጥ የሚፈታለትን ጥያቄ ይመርጣል። ተማሪው አብዛኛውን ጊዜ መልሱን ራሱ ሠርቶ ይጽፋል እንጂ ከቀረቡለት አማራጮች አይመርጥም፤ ያልተማረውን ቢጠየቅም አላውቀውም ብሎ የሚያልፍበት መንገድ ተዘጋጅቶለታል። በእነዚህ ጥቂት ጥያቄዎች ስለ ብዙ ርእስ መፍረድ የሚቻለው ርእሶቹ እርስ በርሳቸው ስለሚተሳሰሩ ነው፤ ሁለት ያልታወቁ ቍጥሮች ያሉባቸውን ጥምር እኩልታዎች አጣርቶ የፈታ ሰው፣ አንድ ብቻ ያለበትን ይፈታ እንደ ሆነ መጠየቅ አያስፈልገውምና።

የምርመራው ውጤት በቀለማት በተከፋፈለ ክብ ሥዕል ከታየ በኋላ፣ መሣሪያው ተማሪው የጐደለውን ሁሉ በአንድ ጊዜ አይጭንበትም፤ ከያዘው ዕውቀት አጠገብ ያሉትን፣ ለመማር የተዘጋጀባቸውን ርእሶች ብቻ ያቀርብለታል። በዚህ ረገድ ሥራው የየኔታን ሥርዓት ይመስላል፤ እሳቸው ፊደል ያልለየውን ሕፃን ወደ አቡጊዳ፣ ንባቡ ያልቀናለትንም ወደ ዳዊት አያሻግሩምና። ልዩነቱ ግን በዚህኛው መንገዱ ብዙ ቅርንጫፍ ስላለው፣ ተማሪው ከተፈቀዱለት ርእሶች የወደደውን መርጦ መጀመር መቻሉ ነው። ጀርመናዊው ሄርማን ኤቢንግሃውስ እ.ኤ.አ. በ1885 ዓ.ም. በራሱ ላይ ፈትኖ እንዳሳየው፣ የተጠና ነገር ይበልጡን የሚጠፋው በተጠናበት ሰሞን ስለ ሆነ፣ አሌክስም ቈይቶ ተመልሶ ይመረምራል፤ ተማሪው የረሳው ርእስ ቢገኝ ከክቡ ተነሥቶ እንደገና እንዲጠና ይታዘዛል።

የዚህ ሁሉ ጥበብ ዋጋ ግን በተማሪው ቅንነት ላይ ያርፋል። መሣሪያው የሚያውቀው የተጻፈለትን መልስ ነውና፣ ጓደኛውን አጠገቡ አስቀምጦ የተመረመረ ሰው የተሰጠው ፍርድ የጓደኛው እንጂ የራሱ አይደለም፤ ከዚያም የሚቀርቡለት ርእሶች ገና ያልደረሰባቸው ይሆናሉ። ደግሞም ስሌቱን በትክክል የፈጸመ ሁሉ የስሌቱን ምክንያት አስተውሏል ማለት አይደለም፤ ይህን ለይቶ ማወቅ በቃል ጠይቆ ለሚያከራክር መምህር የተተወ ሥራ ነው። ስለዚህ መሣሪያውን ለክለሳ የሚያዝዝ መምህር ሁለት ነገር ሊጠብቅ ይገባዋል። አንደኛው፣ ጉድለቱ ሳይጠገን ዋናው ትምህርት እንዳይቀድመው ክለሳውን ከሴሚስተሩ መግቢያ በፊት ወይም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ማስጨረስ ነው፤ ሁለተኛውም፣ ማርኩን ለመጀመሪያው ምርመራ ውጤት ሳይሆን ከዚያ በኋላ ለሚደረገው ጥናት መስጠት ነው፤ አላውቀውም በማለቱ ማርክ የሚቀነስበት ተማሪ፣ ጉድለቱን ገልጦ ከማሳየት ይልቅ ወደ መሸሸግ ማዘንበሉ አይቀርምና።