የአዲስ ነርሶች ቅጥር በምዕራብ ሸዋ፦ ክፍት መደብና የወረዳ በጀት

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በግንጪ፣ በአምቦ፣ በጉደር፣ በጌዶና በባኮ አልፎ ነቀምት የሚደርሰው አውራ ጎዳና ከኢትዮጵያ የነርስነት ታሪክ ጋር የቆየ ትስስር አለው፤ በስደት ዘመን ለንደን በሚገኘው የግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል በነርስነት የሠለጠኑት ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ በ1934 ዓ.ም. ያረፉት ነቀምት ላይ ሲሆን፣ በስማቸው አዲስ አበባ ውስጥ የተሠራው ሆስፒታልም ከአገሪቱ ቀደምት የነርስ ማሠልጠኛዎች አንዱ ለመሆን በቅቷል። በዚያ ዘመን የታጣው የሠለጠነ ሰው ነበር፤ ዛሬ ግን በዚያው መንገድ ዳር ባሉት የምዕራብ ሸዋ ከተሞች የሠለጠነው ሰው ተገኝቶ የሚቀጥረው ታጥቷል።

በ1939 ዓ.ም. በእርሻ ትምህርት ቤትነት የተመሠረተው የዛሬው አምቦ ዩኒቨርሲቲ ነርሶችን በመጀመሪያ ዲግሪ የሚያስመርቅ ቢሆንም፣ የ4 ዓመቱን ትምህርት መፈጸም ብቻውን ለሥራ አያበቃም። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ሁሉ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ማምጣት ያለበት የመውጫ ፈተና አለ፤ በመጀመሪያው ዓመት በመላ አገሪቱ ከተፈተኑት ያለፉት ከ100 ወደ 40 የሚሆኑት ብቻ ነበሩ። ከዚህ በተጨማሪ ጤና ሚኒስቴር ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ ለጤና ተመራቂዎች የሚሰጠው የብቃት ምዘና ፈተና ሲኖር፣ በደረጃ 4 የሠለጠኑት ደግሞ በተለምዶ ሲኦሲ የሚባለውን ምዘና ያልፋሉ። የዚህ ሁሉ መደምደሚያ የሙያ ፈቃድ ነው፤ ይህም ባለሙያው ሕመምተኛን ለመንከባከብ ብቁ መሆኑን መንግሥት የሚያረጋግጥበትና በየጊዜው የሚታደስ ሰነድ ነው።

ፈቃዱ ግን ደመወዝ አያስከትልም። አብዛኛው ጀማሪ ነርስ ሥራ የሚጠብቀው ከጤና ጣቢያ ሲሆን፣ ጤና ጣቢያ በገጠር ከ15,000 እስከ 25,000 ሕዝብ እንዲያገለግል የታቀደና በወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት ሥር የሚተዳደር ተቋም ነው። በ1994 ዓ.ም. ከተጀመረው የወረዳ ያልተማከለ አስተዳደር ወዲህ ወረዳው ከክልሉ በጥቅል በሚላክለት ገንዘብ የመምህሩን፣ የግብርና ባለሙያውንና የጤና ባለሙያውን ደመወዝ አብቃቅቶ ይከፍላል፤ ከጥቅሉ አብዛኛው ቀድሞ ለተቀጠሩት ደመወዝ ስለሚውልም ለአዲስ ቅጥር የሚተርፈው ጥቂት ነው። በመንግሥት መሥሪያ ቤት ቋንቋ «መደብ» ማለት በመዋቅር የተፈቀደ የሥራ ቦታ ነው፤ መደቡ በወረቀት ላይ ተፈቅዶ ለዓመታት ባዶ ሊቆይ ይችላል። ሥራ ፈላጊዎች በየቢሮው የሚሰሙት «መደብ አለ፣ በጀት የለም» የሚለው መልስ ምንጩ ይህ ነው። የጤና ተቋማት ከአገልግሎት የሚሰበስቡት የውስጥ ገቢም በዋናነት ለመድኃኒት፣ ለመሣሪያና ለጥገና የታሰበ በመሆኑ ክፍተቱን አይሞላም።

እዚህ ላይ የአሠራሩ ዋና ጉድለት ይታያል። የዩኒቨርሲቲ ቅበላ በፌዴራል ይወሰናል፤ ፈተናው ከፌዴራል ይመጣል፤ ቅጥሩ ግን በወረዳ እጅ ነው። እያንዳንዱ አካል የድርሻውን እየፈጸመ፣ በምረቃና በቅጥር መካከል ያለውን ወጣት የሚቆጥረው ግን አልተገኘም። ስለዚህም የዓለም ጤና ድርጅት ለ1,000 ሰው 4.45 ሐኪሞች፣ ነርሶችና አዋላጆች ያስፈልጋሉ ባለበት ዓለም፣ ኢትዮጵያ ከዚህ እጅግ በታች ሆና ሳለ ፈቃድ ያላቸው ነርሶች ያለ ሥራ ይቀመጣሉ። ኬንያም ተመሳሳይ ችግር ገጥሟት በ2013 ዓ.ም. ሥራ ያጡ ነርሶቿን ወደ ብሪታንያ ለመላክ ተስማምታለች፤ ይህ ለግለሰቡ መውጫ ቢሆንም በጤና ጣቢያው የጎደለውን ነርስ አይተካም።

የቀሩት በሮችም ጠባብ ናቸው። የግል ክሊኒኮች የሥራ ልምድ ያለውን ያስቀድማሉ፤ «0 ዓመት» ብሎ የወጣ የመንግሥት ማስታወቂያ ሲገኝም ለጥቂት ቦታ ብዙ ተወዳዳሪ ለጽሑፍ ፈተናና ለቃለ መጠይቅ ይሰለፋል። የክልሉ የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ መሆኑ በእንግሊዝኛ ተምሮ ከሌላ ክልል ለመጣው ተመራቂ ተጨማሪ እንቅፋት ሲሆን፣ በምዕራብ ሸዋ ዞን አንዳንድ ወረዳዎች የቆየው የጸጥታ ችግር ደግሞ ነርስ እጅግ የሚያስፈልጋቸውን ገጠሮች ለጀማሪው አስቸጋሪ አድርጓቸዋል።

ከዚህ ሁሉ የሚከፋው በመጠበቅ የሚጠፋው ችሎታ ነው። ደም ሥር ፈልጎ መርፌ ማስገባት፣ የሕመምተኛን መድከም ከፊቱ አንብቦ ቀድሞ መረዳት በሥራ ላይ ካልዋለ ይደበዝዛል፤ ፈቃድ ለማደስ የሚጠየቀውን ተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ ሥልጠና ማግኘትም ከተቋም ውጭ ላለ ሰው ይከብዳል።

የምዕራብ ሸዋ ወረዳ ምክር ቤቶች ከሐምሌ 1 የሚጀምረውን የዓመት በጀት ሲያጸድቁ በየጤና ጣቢያው ባዶ የቆመውን የነርስ መደብ ብዛት ለሕዝብ በይፋ ያስታውቁ፤ ክልሉም ለእነዚያ መደቦች ብቻ የሚውል ደመወዝ ከጥቅል በጀቱ ለይቶ ይላክ።