በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚገኝ የኮሌጅ ክሬዲት

በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚገኝ የኮሌጅ ክሬዲት ማለት ተማሪው 12ኛ ክፍልን ሳይጨርስ የዩኒቨርሲቲ ኮርስ ተምሮ ወይም ተፈትኖ፣ በኋላ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ኮርሱን እንደ ወሰደ የሚቆጠርለት አሠራር ነው። ክሬዲት የኮርስ ክብደት መለኪያ ነው። በተለመደው አቆጣጠር በሳምንት አንድ ሰዓት ለአንድ ሴሚስተር የሚሰጥ ትምህርት አንድ ክሬዲት ይይዛል።

አሠራሩ በአሜሪካ የተለመደ ነው። አንዳንዱ ተማሪ በአቅራቢያው ባለ ኮሌጅ ተመዝግቦ አንዱን ኮርስ ለሁለቱም ትምህርት ቤቶች ያስቆጥራል። ሌላው እ.ኤ.አ. ከ1955 ጀምሮ ኮሌጅ ቦርድ የሚያስተዳድረውን የአድቫንስድ ፕሌስመንት ፈተና ይወስዳል። ውጤቱ ከ1 እስከ 5 ሲሆን፣ ብዙ ኮሌጆች ለ3 እና ከዚያ በላይ ክሬዲት ይሰጣሉ።

በኢትዮጵያ

በኢትዮጵያ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች እንዲህ ያለ ክሬዲት ለተማሪ በተናጠል መስጠት አልተለመደም። ይልቁንም የዩኒቨርሲቲው የመጀመሪያ ዓመት እንዳለ ወደ ታች ወርዶ ነበር። የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ 11ኛና 12ኛ ክፍልን መሰናዶ አደረጋቸው። የፍሬሽማን ትምህርት በመሰናዶ ይሸፈናል ተብሎ፣ በ1990ዎቹ አጋማሽ ዩኒቨርሲቲዎች ፍሬሽማንን ሲተዉ አራት ዓመት ይፈጅ የነበረው ዲግሪ በአብዛኛው ሦስት ዓመት ሆነ። በዚህ መልኩ ሲታይ ለሁሉም ተማሪ የአንድ ዓመት ክሬዲት እንደ ተሰጠ ይቆጠራል። ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው፤ ቤተ ሙከራ ባለው ትምህርት ቤት የተማረውም ሙከራን በጥቁር ሰሌዳ ብቻ ያየውም እኩል ተቆጠረላቸው።

ፍሬሽማን በ2012 ዓ.ም. ተመለሰ። ሎጂክ፣ ጠቅላላ ሳይኮሎጂ፣ ሒሳብና የኮምፒውተር ተማሪዎች ብቻ ሳይሆኑ ሁሉም የሚወስዱት የአዳዲስ ቴክኖሎጂዎች መግቢያ ከኮርሶቹ መካከል ናቸው። ቀጥሎ የመጣው ጭራሽ የተገላቢጦሽ ነው። ለ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተቀመጡት ከ896 ሺህ በላይ ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከቀሩት የተመረጡት በሪሜዲያል ፕሮግራም የሁለተኛ ደረጃ ትምህርትን ዩኒቨርሲቲ ገብተው ተማሩ።

በባሌ ቢሞከር

በባሌ ደጋ ዩኒቨርሲቲ ቅርብ ነው። መዳ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ በሮቤ፣ የጤና ትምህርቱ ደግሞ በጎባ ይገኛል። ይሁንና የገሰራ ተማሪ ለእያንዳንዱ ክፍለ ጊዜ ሮቤ ድረስ መመላለስ ያስቸግረዋል፤ መምህሩ ወደ ተማሪው መሄድ ወይም ኮርሱ በኢንተርኔት መሰጠት ይኖርበታል። ሁለተኛው ጥያቄ ምደባ ነው። ተማሪን የሚመድበው ትምህርት ሚኒስቴር ስለሆነ፣ በሮቤ ክሬዲት ያገኘ ልጅ ጎንደር ወይም ጅማ ሊደርሰው ይችላል። የፍሬሽማን ኮርሶች በመላ አገሪቱ ተመሳሳይ መሆናቸው ግን ክሬዲቱን ለማዛወር ያመቻል።

አሁን በበርካታ ዩኒቨርሲቲዎች ያሉ የስቴም ማዕከላት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን በሳይንስና በኮምፒውተር ያሠለጥናሉ። ሥልጠናው ግን እንደ ዩኒቨርሲቲ ኮርስ አይቆጠርም።