ኮከቡ ሳይለካ ፈለኩ አይታወቅም፦ ስለ ከዋክብት ልኬትና ስለ ስያሜዎቹ

1. መግቢያ

የሙያ ቃላትን ወደ አማርኛ የመመለስ ሥራ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከቃሉ ነው። ተርጓሚው ባዕዱን ቃል ይዞ መዝገበ ቃላት ይገልጣል፤ አቻ የመሰለውን ያገኛል፤ ያንኑ ያሰፍራል። ቃሉ የሚጠራው ነገር በዓይን የሚታይ ወይም በእጅ የሚዳሰስ ሲሆን ይህ አካሄድ እምብዛም አያሳስትም። ነገሩ በልኬትና በስሌት ብቻ የሚታወቅ ሲሆን ግን፣ ቃሉን ከመተርጐም አስቀድሞ ልኬቱን መረዳት ግድ ይላል። ከፀሐያችን ሌላ ከዋክብትን የሚዞሩ ፈለኮች ጥናት ለዚህ ዓይነተኛ ምሳሌ ነው።

ሚሼል ማዮርና ዲዲየ ኬሎዝ የተባሉ ሁለት የስዊስ ሊቃውንት ፀሐይን የመሰለ ኮከብ የሚዞር የመጀመሪያውን ፈለክ ያስታወቁት በ1995 ነው፤ በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ኮከቡ 51 ፔጋሲ ይባላል፤ ፈለኩም በ4 ቀን ከጥቂት ሰዓት አንድ ጊዜ ይዞረዋል። ሁለቱ ሊቃውንት በ2019 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ተካፋዮች ሆኑ። እስከ 2025 ድረስ የተመዘገቡት መሰል ፈለኮች 6000 ደርሰዋል። ይሁን እንጂ ከጥቂቶቹ በቀር አንዳቸውም ራሳቸው አልታዩም። የታየው ኮከቡ ነው፤ ስለ ፈለኩ የሚነገረው ሁሉ ከኮከቡ የተወሰደ ነው። ስለዚህ ኮከቡ በተሳሳተ መጠን ቢለካ ፈለኩም ይሳሳታል፤ ልኬቱ በተሳሳተ ቃል ቢተረጐም ደግሞ አንባቢው ስሕተቱን ሊያይበት የሚችለው በር ይዘጋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የልኬቱን ሰንሰለት በአጭሩ ማስረዳትና በየእርከኑ ለሚያስፈልጉት ስያሜዎች አማራጭ ማቅረብ ነው።

2. ስለ ፈለኩና ስለ ኮከቡ መጠሪያ

«ፈለክ» የሚለው ቃል በጥንቱ አገባቡ የሰማይን ክበብና የብርሃናትን መመላለሻ የሚያመለክት ሰፊ ትርጉም ነበረው፤ «ሥነ ፈለክ» በሚለው ስያሜ ውስጥ ይህ ሰፊ ትርጉም እስካሁን አለ። በዘመናዊው አጠቃቀም ግን ኮከብን የሚዞር፣ የራሱ ብርሃን የሌለው አካል መጠሪያ ሆኗል። ለ«ኤክሶፕላኔት» አንዳንዶች «ውጫዊ ፈለክ» ይላሉ። ይህ ስያሜ ችግር አለበት፤ ምክንያቱም ከፀሐይ ራቅ ብለው የሚገኙት እነ ጁፒተርና ሳተርን በራሳችን ሥርዓተ ፀሐይ ውስጥ ሆነው ሳለ «ውጫዊ ፈለኮች» ይባላሉ። «አፍአ» የሚለው የግዕዝ ቃል ከቅጽር ውጭ ያለውን ስለሚያመለክት «አፍአዊ ፈለክ» ማለት ይሻላል።

ፈለኩ የሚዞረውን ኮከብ «አስተናጋጅ ኮከብ» ማለትም ቃል በቃል የመጣ ነው። በአማርኛ አስተናጋጅ እንግዳን የሚቀበል ወይም በምግብ ቤት የሚታዘዝ ሰው ነው፤ ኮከቡ ግን ፈለኩን አይታዘዝም፣ በእንግድነትም አልተቀበለውም። «እናት ኮከብ» ማለትም ፈለኩ ከኮከቡ አካል የተወለደ ያስመስላል፤ ሁለቱ የተገኙት ግን ከአንድ የጋዝና የአቧራ ደመና ነው። ቋንቋችን «ባለ» በሚለው ቅጥያ የአንድን ነገር መኖር ብቻ መግለጽ ይችላልና «ባለፈለክ ኮከብ» የሚለው በቂና ትክክለኛ ይሆናል።

3. መሻገርና የብርሃን ጉድለት

የፈለክን ትልቀት ለማወቅ በብዙ የተሠራበት ዘዴ «ትራንዚት» የሚባለው ነው። ፈለኩ በኮከቡና በእኛ መካከል ሲያልፍ የኮከቡ ብርሃን በጥቂቱ ይቀንሳል። ይህ በመጀመሪያ የታየው በ1999፣ ኤችዲ 209458 በተባለው ኮከብ ላይ ነበር፤ ብርሃኑ 1.5 በመቶ ያህል ጐደለ። የባዕዱን ቃል እንዳለ መቀበል የማይመቸው፣ «ትራንዚት» በአገራችን የጉምሩክ ዕቃ የማስተላለፍ ሥራ መጠሪያ ሆኖ የተለመደ በመሆኑ ነው። «ግርዶሽ» ለፀሐይና ለጨረቃ የተያዘ ነው። «ኅልፈት» ሞትን ያሳስባል። «መሻገር» ግን ከአንዱ ዳር ወደ ሌላው ማለፍን ብቻ ስለሚነግር ይመረጣል፤ የሚታየውንም ቅነሳ «የብርሃን ጉድለት» ማለት ይቻላል።

እዚህ ላይ ዋናው ነጥብ ጉድለቱ የሚነግረን ንጽጽርን እንጂ መጠንን አለመሆኑ ነው። ጉድለቱ 1 በመቶ ከሆነ፣ የፈለኩ ሬዲየስ የኮከቡ ሬዲየስ አንድ አሥረኛ ነው ማለት ነው። ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት በ2015 ለመለኪያነት በወሰነው መሠረት የፀሐይ ሬዲየስ 695,700 ኪሎ ሜትር ነው። ኮከቡ ፀሐይን የሚያህል ከሆነ ፈለኩ 69,570 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ ጁፒተርን ሊያህል ምንም አይቀረው። ኮከቡ ከተገመተው በ40 በመቶ የሚበልጥ ሆኖ ቢገኝስ? የፈለኩ ሬዲየስ ወደ 97,400 ኪሎ ሜትር ገደማ ያድጋል፤ ይዘቱ ደግሞ በሦስት ማባዛት የሚገኝ በመሆኑ ወደ 2.7 እጥፍ ይደርሳል። መጠነ ቁሱ ባለበት ከጸና እፍግታው ከመጀመሪያው ግምት ከሲሶው እምብዛም የማይበልጥ ይሆናል። ቴሌስኮፑ የተመለከተው 1 በመቶ ግን ከቶ አልተለወጠም። የተለወጠው ስለ ኮከቡ ያለን ዕውቀት ብቻ ነው።

4. የዕይታ መስመር ፍጥነትና መጠነ ቁስ

ሁለተኛው ዘዴ የኮከቡን መወዛወዝ መለካት ነው። ፈለኩና ኮከቡ እርስ በርስ ስለሚሳሳቡ ኮከቡም በበኩሉ በጠባብ ክበብ ይዞራል፤ ስለዚህ አንድ ጊዜ ወደ እኛ ይቀርባል፣ አንድ ጊዜ ይርቃል። ጁፒተር ፀሐይን በሰከንድ 12.5 ሜትር ያህል ያንቀሳቅሳታል፤ መሬት ግን በሰከንድ 9 ሳንቲ ሜትር ብቻ። «ራዲያል ቬሎሲቲ» የሚለውን «የጨረር ፍጥነት» ብሎ መተርጐም ከባድ ስሕተት ነው፤ የጨረር ፍጥነት ሁልጊዜ የብርሃን ፍጥነት ነውና። የሚለካው ኮከቡ በተመልካቹ የዕይታ መስመር ላይ የሚቀርብበትና የሚርቅበት ፍጥነት ስለሆነ «የዕይታ መስመር ፍጥነት» መባል አለበት።

ከዚህ ልኬት የሚገኘው የፈለኩ መጠነ ቁስ ነው። «ክብደት» የሚለው ቃል ለዚህ አይሆንም፤ ክብደት እንደ ስበቱ የሚለዋወጥ ሲሆን መጠነ ቁስ ግን በየትም ቦታ አንድ ነው። ለእኛ ቅርብ የሆነ ምሳሌ አለ። በ2019 ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት አገሮች ለከዋክብትና ለፈለኮች ስም እንዲሰጡ ባደረገው ዘመቻ፣ ኤችዲ 16175 የተባለው ኮከብ ከኢትዮጵያ በቀረበው ስም «ቡና»፣ ፈለኩም «አቦል» ተብለው ተሰይመዋል። አቦል ቡናን በ1000 ቀን ገደማ አንድ ጊዜ ይዞራል፤ መጠነ ቁሱም ከጁፒተር ቢያንስ 4 እጥፍ ይበልጣል። «ቢያንስ» የሚለው ቃል እዚህ ላይ የንግግር ማሳመሪያ አይደለም። የምህዋሩ ዝንባሌ በዚህ ዘዴ ስለማይታወቅ የሚገኘው ዝቅተኛው መጠን ብቻ ነው፤ ተርጓሚ ይህን ቃል ቢያስቀር ሐሳቡን ያፈርሳል። ከዚህም ሌላ የአቦል መጠነ ቁስ የሚሰላው የቡና መጠነ ቁስ አስቀድሞ ታውቆ ነው። ቡናው ካልተፈላ አቦል እንደማይቀዳ ሁሉ፣ በሰማይም ቅደም ተከተሉ ያው ነው።

5. ኮከቡ ራሱ እንዴት ይለካል?

የመጀመሪያው እርከን ብርሃን ነው። በአማርኛ ጽሑፎች «ብራይትነስ»ም «ሉሚኖሲቲ»ም አንድ ላይ «ብርሃን» ወይም «ድምቀት» ሲባሉ ይታያል። ሁለቱ ግን የተለያዩ ናቸው። በደጅ የተሰቀለ ፋኖስ ከሩቅ ሲታይ ይደበዝዛል እንጂ የሚያወጣው ብርሃን አልቀነሰም። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ወደ ዓይናችን የሚደርሰው ሩብ ይሆናል። ስለዚህ ወደ እኛ የሚደርሰውን «ድምቀት»፣ ኮከቡ በጠቅላላው የሚያወጣውን «መጠነ ብርሃን» ብሎ መለየት ያስፈልጋል። ከድምቀት ወደ መጠነ ብርሃን የሚያሻግረው ርቀት ነው። ርቀትም በፓራላክስ ይለካል፤ ይኸውም አንድ ጣት ዘርግቶ ዓይንን በፈረቃ በመጨፈን ጣቱ ቦታ የቀየረ መስሎ እንደሚታየው ያለ ነው፤ በሁለቱ ዓይኖች ፋንታ የሚያገለግሉት መሬት ፀሐይን ስትዞር የምትደርስባቸው ሁለት ዳርቻዎች ናቸው። በ2013 የመጠቀችው ጋያ የተባለች የአውሮፓ መንኰራኵር በ2018 ይፋ በሆነው መዝገቧ ከ1.3 ቢሊዮን በላይ ለሆኑ ከዋክብት ይህን ልኬት አቅርባለች።

ሁለተኛው እርከን መጠነ ሙቀት ነው። «ኢፌክቲቭ ቴምፕሬቸር» የሚለው «ውጤታማ ሙቀት» ተብሎ ሊተረጐም ይቃጣል። ነገር ግን ውጤታማ ያልሆነ ሙቀት የለም። የሚባለው፣ ኮከቡ የሚያወጣውን ያህል ብርሃን ከተመሳሳይ ገጽ ሊያወጣ የሚችል ፍጹም አንጸባራቂ ያልሆነ አካል የሚኖረው መጠነ ሙቀት ነው። ስለዚህ «አቻ መጠነ ሙቀት» ማለት ይገባል። የፀሐይ አቻ መጠነ ሙቀት 5772 ኬልቪን ነው። ከእያንዳንዱ የገጽ ካሬ የሚወጣው ብርሃን በአቻ መጠነ ሙቀቱ ስለሚወሰን፣ መጠነ ብርሃኑን ለዚህ በማካፈል የኮከቡ የገጽ ስፋት፣ ከገጽ ስፋቱም ሬዲየሱ ይሰላል።

ሦስተኛው ኅብረ ብርሃን ነው። የኮከቡ ብርሃን በየቀለሙ ሲዘረዘር በመካከሉ የሚታዩት ጥቋቁር መስመሮች በውስጡ የትኞቹ ንጥረ ነገሮች እንዳሉ ይናገራሉ። የሥነ ፈለክ ሊቃውንት ከሃይድሮጅንና ከሂሊየም በቀር ያሉትን ንጥረ ነገሮች ሁሉ፣ ኦክስጅንንና ካርቦንን ጭምር፣ «ሜታል» ይሏቸዋል። «ሜታሊሲቲ» የሚለውን «ብረታዊነት» ብሎ የተረጐመ እንደ ሆነ የአማርኛ አንባቢ ኮከቡን የብረት ቋጥኝ አድርጎ ያስበዋል። «የከባድ ንጥረ ነገሮች ድርሻ» ማለት ረዘም ቢልም ትክክለኛው ነው።

አራተኛው ንዝረት ነው። ትልቅ ከበሮ ወፍራም ድምፅ፣ ትንሽ ከበሮ ቀጭን ድምፅ እንደሚሰጥ ሁሉ፣ የኮከብም ውስጣዊ ንዝረት ትልቀቱንና እፍግታውን ይገልጻል፤ ዕድሜውንም ለማስላት ይረዳል። በ2015 በዚህ ዘዴ ኬፕለር 444 የተባለው ኮከብ 11 ቢሊዮን ዓመት ያህል ዕድሜ እንዳለው ተሰላ፤ ከመሬት የሚያንሱ 5 ፈለኮች ይዞሩታል። ለዚህ ጥናት «ርዕደ ኮከብ» የሚለው ስያሜ ጆሮ ይስባል፤ ርዕደ መሬት ግን ድንገተኛ መናወጥ ሲሆን ይህኛው የማያቋርጥ ነው። ስለዚህ «የከዋክብት ንዝረት ጥናት» ይሻላል።

6. የተሻለ ልኬት ምን ገለጠ?

በ2009 የመጠቀችው ኬፕለር የተባለች የአሜሪካ መንኰራኵር እስከ 2018 ድረስ በሺዎች የሚቆጠሩ መሻገሮችን መዘገበች። የብዙዎቹ ከዋክብት ሬዲየስ ግን መጀመሪያ ከቀለማቸው ብቻ የተገመተ ስለ ነበር እስከ 40 በመቶ ያህል ሊሳሳት ይችል ነበር። በዚህ ግምት ላይ የተመሠረተው የፈለኮች ትልቀት ከትንሽ ወደ ትልቅ ያለ ክፍተት የሚሄድ ይመስል ነበር። በ2017 ከ1300 በላይ የሚሆኑ ባለፈለክ ከዋክብት ኅብረ ብርሃናቸው በሃዋይ ባለው የኬክ ቴሌስኮፕ ተጠንቶ የስሕተቱ መጠን ወደ 10 በመቶ ገደማ ሲወርድ፣ ተሸፍኖ የነበረ ነገር ታየ፤ ሬዲየሳቸው ከመሬት ከ1.5 እስከ 2 እጥፍ የሆነ ፈለኮች ከግራና ከቀኝ ካሉት በእጅጉ ያነሱ ሆነው ተገኙ። ከክፍተቱ በታች ያሉት በአብዛኛው አለታማ ናቸው፤ በላይ ያሉት በወፍራም የጋዝ ልባስ የተሸፈኑ ይመስላሉ። ቀላል ጋዛቸውን በሙቀት ያጡት ከያዙት ተለይተዋል የሚል ማብራሪያም ተሰጥቷል። ልብ ሊባል የሚገባው፣ ለዚህ ግኝት አዲስ ፈለክ አለመገኘቱ ነው። ፈለኮቹ አስቀድሞ የተመዘገቡት ነበሩ፤ እንደ አዲስ የተለኩት ከዋክብቱ ናቸው።

7. ማጠቃለያ

ከዚህ ሁሉ ለተርጓሚ የሚሆን አንድ መመሪያ ይገኛል። አማርኛ «ተለካ»፣ «ተሰላ» እና «ተገመተ» የሚሉ ሦስት ግሦች አሉት። የብርሃን ጉድለት፣ ድምቀትና ፓራላክስ ይለካሉ፤ ሬዲየስ፣ መጠነ ቁስና እፍግታ ይሰላሉ፤ ፈለኩ ውኃ ሊኖረው ይችል እንደ ሆነ ይገመታል። «የአፍአዊው ፈለክ እፍግታ ተለካ» ብሎ የሚጽፍ ተርጓሚ ሰዋስዉ ቢቃናለትም ነገሩን አጥፍቷል፤ አንባቢው ነገ ሌላ ቁጥር ሲሰማ ሳይንስ ቃሉን ያጠፈ ይመስለዋልና። «ተሰላ» ብሎ ቢያነብ ግን ከስሌቱ በስተጀርባ ኮከቡ እንዳለ ያስታውሳል፤ የኮከቡ ልኬት ሲሻሻል የፈለኩም መጠን እንደሚታረም አስቀድሞ ያውቃል።

ከላይ የቀረቡት ስያሜዎች ለውይይት የተሰነዘሩ ናቸው፤ የተሻለ የሚያቀርብ ቢገኝ መተካታቸው ተገቢ ነው። መመዘኛው ግን የቃሉ ማማር ወይም ማጠር ብቻ እንዳይሆን ያስፈልጋል። ለየትኛውም ስያሜ አስቀድሞ ሊቀርብ የሚገባው ጥያቄ፣ ምን እንደ ተለካና ከምን እንደ ተለካ ለአንባቢው ይነግረዋል ወይ? የሚለው ነው።